የባባቶሽ ወንበር

ግቢ ልጄ፣ ግቢ! ጫማሽን እዚያው በሩ ጋ ጣል አድርጊው፤ ማንም አይነካውም። ከዚህ ቤት የሰው ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም... የእኛው ካልሆነ በቀር። ነይ፣ ከማራገቢያው ሥር ተቀመጪ። የዱርጋ በዓል አልፎ እንኳ ሙቀቱ አልለቅ አለን። ውይ፣ ሳሪሽ እንዴት ያምራል! የሻንቲፑር ሽመና ነው አይደል? አላልኩም! ደግሞ ጣፋጭ ይዘሽ መጣሽ? ምን አስቸገረሽ፣ ቶርሻ። ከዚያ መስታወት በመስታወት ከሆነው ከአዲሱ ሱቅ ነው? እኛ እንኳ ዕድሜ ልካችንን የምንገዛው ትራም ማዞሪያው ጋ ካለው ሰውዬ ነው። የሱ ካርቶን እንዲህ አያብረቀርቅም... የሱ ጣፋጩ ነው የሚጣፍጠው።

ባልሽስ? በረንዳው ላይ ነው? ስልክ ይዞ? ተይው፣ ተይው፣ አትጥሪው። እሁድ ጨዋታ ያለበት አሰልጣኝ መቼ ፋታ አለው? መስኮቱንም ክፍቱን ተይው፤ በረንዳው እዚህ አፍንጫችን ሥር ነው፣ ንፋሱ ወዲህ ይግባ፣ ወሬያችን ወዲያ ይውጣ። ድምፄ ከፍ ይላል መሰለሽ? ለራሴ እንዲሰማኝ ብዬ ነው እኮ። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረግ።

እሳቸው የሉም። ዳም ዳም ሰፈር፣ ሐዲዱ አጠገብ ባለችው ሜዳ ሴት ልጆች ያሠለጥናሉ። “የቢጆያ መጠያየቂያ ሰሞን ነው፣ እንግዳ ይመጣል፣ ሰው ለምርቃት እግርዎን ሊነካ ሲመጣ እግርዎ ከቤት ይገኝ” ብላቸው “እግሬ ሜዳ ላይ ነው፣ እዚያ ይምጡ” ብለው ወጡ። ለምሳ ይመለሳሉ። እስከዚያው እኔ ላጫውትሽ። ሻይሽን ጠጪ፣ ዝንጅብል አለበት። ከኮኮናቱም ቅመሺ፣ በሞቴ፤ ራሴ ነኝ የፈቀፈቅሁት።

አንቺ የኩች ቤሀር ልጅ ነሽ፤ የእኛን የኮልካታን የኳስ ነገር ከየት ታውቂዋለሽ? ባልሽ ምንም አልነገረሽም? ስለዚህ ቤትም? ምንም? ... አይ፣ ሥራ ይበዛበታል።

እንግዲህ እኔ ልንገርሽ። ብቻ እወቂልኝ፣ እኛ የድሮ ሴቶች የባላችንን ስም አንጠራም፤ ለክብራቸው ነው። “እሳቸው” ካልኩ እሳቸው ናቸው። ዛሬ የሌላም ሰው ስም አልጠራም። የባሌን ስለማከብራቸው፤ የዚያኛውን ደግሞ... እሱንም ስለማከብረው ይሁንለት።

እሳቸው ጎዱሊ ክለብ ሲገቡ ጢማቸው ገና አላበቀለም ነበር። ግራ ተከላካይ። ያንን ሐምራዊና ነጭ ማሊያ አንዴ ለበሱ፣ በቃ፤ ከዚያ ወዲያ የሌላ ክለብ ቀለም ገላቸውን አልነካውም። በሠርጋችን ቀን እኔ በቀይ ሳሪ ተጠቅልዬ ስቀርብ ፊታቸው ቅጭም አለ። ሰው ሁሉ ሙሽራዋን አልወደዳትም ብሎ ተንሾካሾከ። ኋላ ስጠይቃቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? “ቀይ የኖቦጁግ ቀለም እኮ ነው!” እኔ አገባለሁ ብዬ፣ ለካ በተቃራኒ ቡድን ማሊያ ነው የቀረብኩት።

ኖቦጁጎች ደግሞ አይተኙላቸውም። አንድ ዓመት ማቀዝቀዣ ላኩልን። ያኔ በዚህ መንገድ ማቀዝቀዣ ያለው ዶክተሩ ቤት ብቻ ነው። ወጠምሻ ወጠምሻ ሰዎች ተሸክመው አምጥተው፣ እዚህ አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ቦታ ላይ ገተሩት። እሳቸው ልምምድ ላይ ናቸው። እኔ ምን ላድርግ? ሰካሁትና ዓሣዬን አስገባሁበት። ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው አዩት።

“ኒሩ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ማቀዝቀዣ ነው።”

“የማን?”

“የእኛ ይመስላል” አልኳቸው።

ዓሣዬን በገዛ እጃቸው አወጡት። ማቀዝቀዣውን ከውስጥ ከውጭ በሳሙና አጠቡት፣ በጨርቅ አደረቁት፣ በጋሪ አስጭነው መልሰው ላኩት። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ መመለሳቸው አይደለም፤ ማጠባቸው ነው! እንደዚህ ያለ ድርቅና አይተሽ ታውቂያለሽ? የሰው ልብ ይሰበራል አይሉም። እኔ የማውቀው አንድ ልጅ አለ፣ እሱ እንዲህ አያደርግም። ማቀዝቀዣ ሲልኩለት የላኪውን ልብ አይሰብርም፤ ይቀበላል። ሌላው ሲልክለትም ይቀበላል። ለማንም ፊት አያጠቁርም። እንዴት ያለ ሆደ ሰፊ ነው!

ምን አለፋሽ፣ በማቀዝቀዣ እንቢ ሲሏቸው ሰውየውን ራሱን ወሰዱት። አትሳቂ! በዚያ ዘመን የዝውውር ሰሞን ሲደርስ ተጫዋች ይሰረቅ ነበር። አንዱ ክለብ ከሌላው ሰርቆ ይደብቀዋል፤ እያበላ እያጠጣ ይቆይና ፌዴሬሽኑ ቢሮ ወስዶ ያስፈርመዋል። እሳቸውን “ምሳ እንጋብዝዎ” ብለው ባራሳት አንድ የአትክልት ቤት ወሰዷቸው። ሂልሳ ዓሣ በሰናፍጭ፣ ማንጎ፣ ጣፋጭ እርጎ። በልተው ሲጨርሱ በሩ ተቆልፏል። “አይጨነቁ፣ እንደ አማች ነው የምንይዝዎት” አሏቸው። እሳቸው ክፉ ቃል አልተናገሩም። “አላበኝ፣ ልታጠብ” ብለው ሸሚዛቸውን አወለቁ፣ ሽርጣቸውን አጠበቁ፣ ወደ ሰገነቱ ወጡ፤ ከሰገነቱ በማንጎው ዛፍ ወደ ጓሮ ወረዱ። ጡብ የጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥለው፣ በሽርጥ ብቻ፣ ከራስ እስከ እግር ቀይ አቧራ ለብሰው የክለቦቹ ድንኳኖች ያሉበት ማይዳን ሜዳ ገቡ። ቀይ! ከራቁትነታቸው ይልቅ ያሳፈራቸው ቀለሙ ነበር። የጎዱሊ ደጋፊ ከክለቡ ድንኳን ጎርፎ ወጥቶ፣ በትከሻው ተሸክሞ፣ “ባባቶሽ! ባባቶሽ!” እያለ ሜዳውን አዞራቸው፤ ስማቸውን የጠራው ሕዝቡ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ሰው ሁሉ ደስታ በደስታ ሆነ። እኔ ግን ስለ ሸሚዙ ነው ያለቀስኩት። አዲስ ነበር፤ ባራሳት ቀረ።

አሁን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዘመን ሠለጠነ። ተጫዋች መስረቅ ምን ያደክማል? የማውቀው ልጅ በራሱ እግር ይሄዳል፤ በሩንም ከውስጥ ራሱ ይቆልፈዋል።

የእሳቸው ጉልበት ሲያልቅ ክለቡ ሸኛቸው። የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ። ያውልሽ፣ ከራስሽ በላይ ያለው። አትይው፣ አይሠራም፤ ሲመጣም አይሠራም ነበር። “ለምን አናስጠግነውም?” ብላቸው “የክለቡ ነው፣ አይነካም” አሉ። ከዚያ “ታዳጊዎቹን ያሠልጥኑልን” ተባሉ፤ አሠለጠኑ። እያደር ዋናውንም ቡድን ሰጧቸው። አሰጣጣቸውን ግን ብታይ! ክለቡ ሲደኸይ እሳቸውን ይጠራል፤ እጁ ላይ ትንሽ ሲያገኝ ከባሕር ማዶ ነጭ አሰልጣኝ ያመጣል፤ ነጩ አኩርፎ ሲሄድ “ኧረ ባባቶሽ ይድረሱልን!” “እንደ ጃንጥላ ነው እኮ የያዙዎት” አልኳቸው አንድ ቀን። ተናደዱ መሰለሽ? “ዝናብ ላይማ ከጃንጥላ የሚከበር የለም” ብለውኝ ሳቁ። ኖቦጁጎች ለአሰልጣኝነትም ሲለምኗቸው በሩ ላይ ሻይ አጠጥተው ሸኟቸው። ቤት እንኳ አላስገቧቸውም። ማቀዝቀዣ ይዘው ይሆናል ብለው ፈርተው መሰለኝ።

ታዲያ በታዳጊዎቹ ጊዜ ነው፣ አንድ ክረምት ከካኒንግ ባቡር አንድ ልጅ ይዘው የመጡት። ጭቃ በጭቃ፤ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። “ኒሩ፣ ይሄ ልጅ ማደሪያ የለውም፣ ግን ኳስ ትሰማዋለች” አሉኝ። እኔ ደግሞ ጭቃውን አጥቤ ሳየው፣ ዓይኑ ልብ ይበላል። በደረጃው ሥር ያለችውን ክፍል ሰጠነው። እዚያ ነው ያደገው። “እማ” ነበር የሚለኝ። ከእጄ በላ።

የዓሣ ጭንቅላት በእኛ ቤት ለማን እንደሚሰጥ ታውቂያለሽ፤ እናንተም ጋ ያው ነው። ለሚወደድ ነው። ለሱ ሰጠሁት። የገዛ ልጄ ሻሚክ ጭራውን ይበላል፣ ያ ልጅ ጭንቅላቱን። “ተይ እንጂ፣ ልጅሽ ቅር ይለዋል” ሲሉኝ “ይሄኛው አጥቂ ነው፣ ጭንቅላት ያስፈልገዋል” እላለሁ። ሻሚክ ይኸው ዛሬ አሳንሶል ባቡር ላይ ኃላፊ ሆኗል፤ እስካሁን ለምሳ ሲመጣ “እማ፣ ጭንቅላቱ ዛሬ የማን ነው?” ይለኛል። ይስቃል... ሲስቅ ግን ሳህኑን ነው የሚያየው።

መቼም ተሰጥዖ ነበረው። ሐሰት አልናገርም። እዚህ ግቢ ውስጥ ባልዲ ደርድረው ነው ያስተማሩት። “ተከላካዩ ኳሱን ሲያይ አንተ ከጀርባው ግባ፤ እሱ ዞር ሲል አንተ ቦታውን ይዘሃል” ይሉታል። እኔ ወጥ እያማሰልኩ እሰማለሁ። ከጀርባ መግባት፣ ቦታ መያዝ፤ ከጀርባ መግባት፣ ቦታ መያዝ። አስተማሪ የሚናገረው ሁሉ እንዲህ ጠብ ሳይል የገባው ተማሪ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሌሎቹ ሜዳ ሲለቁ ይረሱታል። እሱ ሜዳ ከለቀቀም በኋላ አልረሳውም።

ደግሞስ ሰው በተፈጠረበት ይወቀሳል እንዴ? እሳቸው ተከላካይ ናቸው፤ ሲጠብቁ ኖሩ። እሱ አጥቂ ነው። ሥራው ማግባት ነው፣ አገባ። ኧረ ኳስ ነው የምልሽ፣ ምን ያስደነግጥሻል?

ስሙ ሲገን ክለብ መቀየር ጀመረ። መጀመሪያ የት ሄደ? ኖቦጁግ! እሳቸው በማንጎ ዛፍ ከወረዱበት፣ እሱ በሊፍት ወጣ። ሰው “ከሃዲ” አለው። እኔ ግን እከራከርለታለሁ፤ እንደሱ ታማኝ የለም። በነበረበት ክለብ ሁሉ ታማኝ ነበር... እስከነበረ ድረስ። ጎል ሲያስቆጥር የማሊያውን አርማ ሲስም አይተሽዋል? ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንባ እየተናነቀው! ጎዋ ሄዶ ሳመ፣ ፑኔ ሄዶ ሳመ፣ ኬራላ ሄዶ ሳመ። በዚህ አገር የሱ ከንፈር ያልነካው አርማ ቢፈለግ የፖሊስ ኮፍያ ላይ ያለው ብቻ ነው።

ከዚያ ዳሌው ተጎዳ፤ መቼም ለጠላት አይስጠው። ስልኩን የሚያነሳለት ጠፋ። የሳማቸው ሁሉ አላወቁትም። ያኔ የዚህ ቤት መንገድ ትዝ አለው። እዚያው አሁን ባልሽ የቆመበት በረንዳ ላይ ተንበርክኮ እግራቸውን ይዞ አለቀሰ። እሳቸውም አብረው አለቀሱ። በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቀርበው “ረዳቴ እሱ ነው” አሉ። ኮሚቴው “ይህን ከሃዲ ሜዳችን አናስገባም” ሲል “እንግዲያው ሁለት ታኬታ ታወጣላችሁ፤ የሱንና የእኔን” አሉ። ለራሳቸው አንድ ቀን እንዲህ ተናግረው አያውቁም። ለደሞዛቸው እንኳ!

ረዳት ሆነ። ምን ዓይነት ረዳት! ቦርሳቸውን ይሸከማል፣ ውሃቸውን ይይዛል። ከጨዋታ በፊት መሐረቡን ያወጣና የአሰልጣኙን ወንበር ይጠርግላቸዋል። ጀርባውን፣ መቀመጫውን፣ እግሩን ሳይቀር። ስታይው አንጀትሽን ይበላሻል። ለዚያ ወንበር እንደሱ የሚሳሳ ሰው አልገጠመኝም።

በመሐል አዳዲስ ባለሀብቶች ክለቡን ያዙ። እሳቸው የሆቴል እራት አይሆንላቸውም፤ ሹካ ያደክማቸዋል። እሱ ሄደላቸው። እሳቸው እንዳይደክሙ ብሎ እራቱን ሁሉ ብቻውን በላላቸው። እሳቸው እንዳይጨነቁ ብሎም እዚያ የተባለውን አንድ ቃል አልነገራቸው። እንዲህ ነው መተሳሰብ!

ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ፣ ልጄ። ልቀይርልሽ? ... እሺ፣ እንዳልሽ።

ያን ዓመት ጎዱሊ ስንት ዘመን ያላየውን አየ፤ ለዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። እነዚያ እሳቸው ከታዳጊ ጀምረው አፍንጫቸውን እየጠረጉ ያሳደጓቸው ልጆች ናቸው ያደረሱት። ከማን ጋር? ከኖቦጁግ! ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የለም። ደስታቸው ልጅ አድርጓቸዋል፤ ቁርስ ላይ ብቻቸውን ይስቃሉ። ጨዋታው ሲቃረብ ያ ልጅ ለምሳ መጣ። እግራቸውን ነካ፣ እግሬን ነካ። “እማ፣ ዓሣው ከመንገድ ጠራኝ” አለ። ጭንቅላቱን አወጣሁለት። ቀስ ብሎ፣ አጥንቱን እየለየ፣ እየመጠጠ በላ። እሳቸው መች በሉ! ሳህናቸው ላይ በሩዝ ሜዳ ሠርተው፣ ምስሩን ተጫዋች አድርገው “የኖቦጁግ ቀኝ ክንፍ እንዲህ ሲመጣ የእኛ ልጅ እንዲህ ይዘጋዋል” እያሉ አጨዋወቱን ሁሉ ዘረገፉለት። እሱ “እሺ መምህር... እሺ መምህር” ይላል። ሁሉንም ያዘ። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

ስልኩ ጮኸ። የክለቡ ጸሐፊ ሀልደር ናቸው። ድምፃቸው እንደ ከበሮ ስለሆነ እኔም ሰማሁ። “ባባቶሽ፣ ኮሚቴው ትንሽ እንዲያርፉ ወስኗል። የፍጻሜውን ቡድን ረዳትዎ ይመራዋል። እንዴ፣ አልነገረዎትም? እኔ ልንገራቸው ብሎ እኮ ነው ወደ እርስዎ የመጣው።”

እሳቸው ስልኩን እንደያዙ ዞረው አዩት። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ እጁን ይታጠባል። ልጄ፣ እንደዚያ እጁን የታጠበ ሰው አይቼ አላውቅም። ሳሙና፣ ከዚያ ውሃ፣ እንደገና ሳሙና፤ ጥፍሩን፣ አንጓውን፣ ክንዱን። ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። እኛም እንሰማለን። ንጽሕና ይወዳል። እስከ ዛሬ ድረስ እጁ ንጹሕ ነው፤ ምንም አይገኝበትም።

እሳቸው ምን አደረጉ? ፎጣ አቀበሉት። “ግራ መስመሩን አደራ” አሉት። በቃ። እኔ ግን ተናግሬያለሁ፤ “ጠገብክ ወይስ ይጨመርልህ?” አልኩት።

የፍጻሜው ቀን እቤት ይውላሉ ስል፣ ያንን አሮጌ ሐምራዊ ሹራባቸውን ለብሰው ወጡ። ስታዲየም ሄደው ከተራው ደጋፊ መሐል፣ ላይኛው መደዳ ቆሙ። ጎዱሊ ጎል ሲያስቆጥር እንደ ሕፃን ዘለሉ አሉ፤ ጉልበታቸውን ረስተው። ያኔ አንዱ አወቃቸው። “ባባቶሽ!” አለ። ከጎኑ ያለው ተቀበለው። መደዳው ተቀበለው። ቆይቶ ስታዲየሙ በሙሉ “ባባቶሽ! ባባቶሽ!” ታዲያ መስመሩ ላይ የቆመው ልጅ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዞር ብሎ እጁን አነሳላቸው! እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ አመሰገናቸው። ይሄ ነው ትሕትና! የሌላ ሰው ስም ሲጠራ እንኳ “አቤት” የሚል።

ዋንጫው ተበላ። እነዚያ ልጆች ግራ መስመሩን ዘግተው፣ ልክ በሩዙ ላይ እንደተሠራው አድርገው አሸነፉ። ማይክራፎን ሰጡት። “እዚህ ያደረሱኝን ላመስግን” ብሎ ጀመረ። እኔ እዚህ ቴሌቪዥኑ ፊት ተነስቼ ቆምኩ። ባለሀብቱን ጠራ፣ ሆቴሉን ጠራ፣ የማሊያውን ድርጅት ጠራ፣ ፀጉር አስተካካዩን ሳይቀር ጠራ... ከዚያ ጊዜው አለቀበትና ማስታወቂያ ገባ። የሱ ጥፋት ነው? የቴሌቪዥኑ ነው።

እሳቸው መጥተው “ልጆቹ ተጫወቱ፣ ኒሩ” አሉኝ። ሩዛቸውን በሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። አልቅሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ በማይዳን የሚያልፈውን ትራም አልሳፈር አሉ፤ ዳቦ ሊገዙ እንኳ ከተማውን ዞረው ይሄዱ ነበር። እነዚያ የዳም ዳም ልጃገረዶች ባይመጡላቸው ኖሮ... ይቅር። በዓል ነው።

አሁን ጎዱሊን የሚያሠለጥነው ማን ነበር? እኔ ስም ይጠፋብኛል። አንቺ እንኳ ታውቂዋለሽ፤ ማታ ማታ ታይዋለሽ... በቴሌቪዥን ማለቴ ነው። ዘንድሮ መሸነፍ አበዛ ይላሉ። እነዚያን ዋንጫ ያበሉትን ልጆች “ዘመናዊ አይደሉም” ብሎ ሸጣቸው፤ ዘመናዊዎቹ ደግሞ ኳሷ አልተዋወቀቻቸውም። ደጋፊው በገለባ አሻንጉሊት ሠርቶ ድንኳኑ ፊት አቃጠለው አሉ። እኔ በጣም ነው ያዘንኩት። ጋዜጣው ላይ አየሁት፤ ጨርሶ እሱን አይመስልም! ያ ፈገግታው የታለ? እንደገና ደግሞ “ባባቶሽ! ባባቶሽ!” ማለት ጀምረዋል፤ እሱ ግን ዘንድሮ እጁን አያነሳም። ትከሻውን አሞት ይሆን?

ለዚህ ነው መሰለኝ ዘንድሮ ቢጆያ እንግዳ የበዛልን። እስካሁን መንገዱ ጠፍቶበት የነበረው ሁሉ አገኘው። ካርቶን ይዞ፣ ሚስቱን አስቀድሞ... አንቺን አይደለም፣ የኔ ቆንጆ! አንቺ ምን ታውቂያለሽ?

ትናንት ጠዋት ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ሀልደር! ከነኮሚቴያቸው። እዚህ ተቀመጡ። “ባባቶሽ፣ አጥፍተናል። ልጁን ዛሬውኑ እናሰናብተዋለን፤ ለእሁድ ቡድኑን ይረከቡን” አሏቸው። እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። እልል ልል አፌን ከፍቻለሁ! ስንት ዘመን የጠበቅኩት ቀን ነው!

እሳቸውስ? ከዚያ ምን አሉ? “ሰው የተቀመጠበትን ወንበር አልቀበልም። እኔን ያደረጋችሁትን እሱን አታደርጉትም። እስከ ውድድሩ መጨረሻ አትንኩት። ደጋፊው ከጮኸ እኔ እሁድ መጥቼ አጠገቡ፣ በረዳቱ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ እኔን እያየ አይሰድበውም” አሏቸው። ኮሚቴው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔ ግን ድስቱን ልወረውርባቸው ምንም አልቀረኝም። “ያ ልጅ እኮ...” ስል “ኒሩ፣ ልጅ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ” ብለው አፌን አስያዙኝ። ምን ልበል? እኔው ነኝ ያጎረስኩት።

ስለዚህ አትጨነቁ። ወንበሩ የትም አይሄድም። ባልሽ እዚያ ወዲያ ወዲህ እያለ የሚያጠናውን ልመና ይተወው፤ ሳይለምን ተሰጥቶታል። ቢፈልግ እንኳ ዳም ዳም ሄዶ... አይ፣ መሄድ አይጠበቅበትም፤ እሁድ ሲመጡ ያገኛቸዋል። መሐረቡን ብቻ አይርሳ።

በረንዳው ጸጥ አለሳ? ስልኩ ተቋረጠ? ውይ፣ ልትሄዱ ነው? ምሳ ሳትበሉ? ዓሣ ነበረኝ እኮ... እሺ፣ መቼም ቸኩላችኋል። ምን ያስለቅስሻል፣ ልጄ? ዝንጅብሉ ነው። ዝንጅብሉ በዝቷል። እሱ አይግባ ተይው፣ እግሬን ለመንካት ሲያጎነብስ ዳሌውን ያመዋል። በመስኮቱ ይሰማኛል። አንቺ ነይ፣ ጎንበስ በይ፣ እጄን ራስሽ ላይ ላድርግ።

እናት ዱርጋ ትባርክሽ። በግንባርሽ ያለው የባለትዳር ቀይ ምልክት አይደብዝዝ፣ ቤትሽ በልጅ ድምፅ ይሙላ። ባልሽንም ዕድሜና ጤና ይስጥልሽ። ፀጉሩ ጥጥ እስኪመስል ድረስ በዚያ ወንበር ላይ ያኑረው። ሲያረጅም፣ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ብቻውን አይቅር፤ በቤታችሁ የሚያድግ፣ ከእጅሽ የሚበላ፣ “እማ” የሚልሽ፣ ወንበሩን የሚጠርግለት አንድ ተማሪ ይስጠው። ከማንም ያልተዋሰ፣ በምንም የማያንስ... ቁርጥ እሱን የመሰለ።